ዛር ሲያፈቅር፦ የሰማያውያንና የመናፍስት ፍቅር በኢትዮጵያ ትረካና ልማድ

ማንጋ በመባል የሚታወቀውና ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበበው የጃፓን ሥዕላዊ ትረካ ደጋግሞ ከሚያነሣቸው ጉዳዮች አንዱ፣ ከአማልክት ወገን የሆነ ፍጥረት አንድን ተራ ሰው አፍቅሮ ከሰው ቤት ሲገባ የሚፈጠረው ግርግር ነው። ኮስኬ ፉጂሺማ ከ1988 እስከ 2014 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በተከታታይ ባሳተመው ሥራ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስልክ ተሳስቶ ሲደውል የምታነሣለት አምላክት ናት፤ እርሱም እንደ ቀልድ አድርጎ አብራው እንድትኖር ሲመኝ ምኞቱ ተፈጽሞ ይቀርና ጣጣው ይጀምራል። ጁሊየታ ሱዙኪ ከ2008 እስከ 2016 ባወጣችው ደግሞ አባቷ በቁማር ዕዳ ጥሏት የኮበለለ ልጅ በአጋጣሚ የአንድ ቦታ ጠባቂ አምላክነት ይሰጣትና፣ መጀመሪያ የሚንቃት ቀበሮ መንፈስ ቀስ በቀስ ይወዳታል። የዚህ ዓይነቱ ትረካ ሳቅ የሚመነጨው ኃያሉ ፍጥረት በምግብ፣ በቅናትና በጎረቤት ሐሜት እንደ ማንኛውም ሰው ሲቸገር በማየት ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ አንባቢ ባዕድ አይደለም። በኢትዮጵያ የሰማያውያንና የመናፍስት ፍቅር በግእዝ መጻሕፍት ተጽፏል፣ በሊቃውንት ጉባኤ አከራክሯል፣ ከዚያም አልፎ በዛር ቤት ከበሮ እየተመታለት ኖሯል። እነዚህ ትረካዎች ጎን ለጎን ሲታዩ ዋናው ልዩነታቸው የፍቅሩን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው በሚለው ላይ የሚያርፍ ሲሆን፣ የዛር ቤቱ ልማድ ከሁሉም ይልቅ ወደ ኮሜዲ የቀረበውም ለዚሁ ጥያቄ በሰጠው መልስ የተነሣ ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው መጽሐፈ ሄኖክ ነው። መጽሐፉ ሙሉ ይዘቱ ተጠብቆ የኖረው በግእዝ ብቻ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ትቆጥረዋለች። አውሮፓውያን ጽሑፉን ለማግኘት ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1773 ከኢትዮጵያ ቅጂዎች ይዞ እስኪመለስ ድረስ መጠበቅ ነበረባቸው፤ ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ አሳተመው፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ በሙት ባሕር አጠገብ ባሉት የቁምራን ዋሻዎች የአራማይክ ቁርጥራጮቹ ተገኙ። በመጽሐፉ እንደተተረከው ትጉሃን የተባሉ፣ ማለትም እንቅልፍ የሌላቸው ጠባቂ መላእክት፣ የሰውን ሴቶች ልጆች ውበት አይተው ተመኙ፤ 200 ሆነውም በአርሞንኤም ተራራ ላይ ወረዱ። አለቃቸው ስምያዛ ከመውረዳቸው በፊት አንድ ሥጋት ነበረበት፦ ሌሎቹ ሐሳባቸውን ቀይረው የኃጢአቱን ዕዳ ብቻውን እንዳይሸከም ፈራ። ስለዚህም ሁሉም በመሐላ ተሳሰሩ። የሰማይ አለቃ፣ ጓደኞቹ ከድተውት ብቻውን እንዳይቀር የሚፈራ ጎረምሳ መስሎ የሚታይበት ይህ ትንሽ ክፍል፣ ከሚከተለው ጥፋት ክብደት የተነሣ አብዛኛውን ጊዜ ሳይስተዋል የሚታለፍ ነው።

ትጉሃን ባዶ እጃቸውን አልመጡም። አዛዝኤል ሰይፍና ጋሻ መሥራትን ብቻ ሳይሆን የእጅ አምባርን፣ ዓይን መኳልን፣ የከበሩ ድንጋዮችንና የማቅለሚያ ዓይነቶችን አስተማረ፤ ሌሎቹም አስማትን፣ ሥር መማስን፣ ማለትም ዕፅዋትን ለመድኃኒትና ለምትሐት መንቀልን፣ እንዲሁም ኮከብ መቁጠርን አሳወቁ። በሄኖክ ትረካ ውስጥ ስጦታ ሰጪው ሰማያዊው ወዳጅ ነው፤ ኩሉና አምባሩ የፍቅሩ ጥሎሽ ሆነው ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ። ዋጋውም በኋላ የሚጠየቀው ከዚሁ ከሰጪው ነው። ፍርድ ሲወጣባቸው ትጉሃኑ ሄኖክን ማመልከቻ ጽፎ እንዲያቀርብላቸው ለመኑት፤ እርሱም ጻፈላቸው። መላእክት በሰው እጅ አቤቱታ ሲያስጽፉ ማየት በፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ የሚቀመጠውን ራፖር ጻፊ ለሚያውቅ አንባቢ ፈገግታ መጫሩ አይቀርም። የተሰጣቸው መልስ ግን ስለ ሰው መለመን የሚገባቸው እነርሱ እንጂ ሰው ስለ እነርሱ ሊለምን እንደማይገባው የሚያስታውቅ እምቢታ ነበር።

የኢትዮጵያ ሊቃውንት ይህን ታሪክ እንደ ወረደ አልተቀበሉትም። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 6 የተጠቀሱትን የእግዚአብሔር ልጆች የአንድምታ ትርጓሜ፣ ማለትም አንዱን ቃል በልዩ ልዩ መንገድ እየፈታ የሚያስተምረው የቤተ ክርስቲያን የትርጓሜ ስልት፣ ደቂቀ ሴት ይላቸዋል፤ በደብር ቅዱስ በንጽሕና ይኖሩ የነበሩ የሴት ዘሮች ከተራራው ወርደው የቃየልን ሴቶች ልጆች አገቡ ማለት ነው። ገድለ አዳም የተባለው መጽሐፍም መላእክት ሥጋ ስለሌላቸው ሴት ሊያገቡ አይችሉም ብሎ ይሟገታል። በዚህ ፍች መሠረት ፍቅሩ የሰማይና የምድር መሆኑ ይቀርና የደገኛና የቆለኛ ይሆናል።

በአሥራ አራተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በግእዝ የተዘጋጀው ክብረ ነገሥት ግን በ100ኛው ምዕራፉ ሌላ መንገድ ይከተላል፤ በአገሪቱ ጥንታዊ ጽሑፎች ውስጥ ለማንጋው መንፈስ ከሁሉ የሚቀርበውም ይኸው ምዕራፍ ነው። መላእክት በአዳም መሳሳት ያማሉ፣ ይሳለቁበታል። ፈጣሪም አዳም ከአፈርና ከሥጋ መፈጠሩን አስታውሶ፣ እነርሱም ሥጋ ቢለብሱ ከእርሱ የባሰ እንደሚያደርጉ ይነግራቸዋል። እነርሱም ይፈተኑ ዘንድ ይጠይቃሉ፤ እንደ ሰው ሥጋና ልብ ተሰጥቷቸውም ይወርዳሉ። የደረሱት የቃየል ልጆች በዘፈንና በጨዋታ መካከል ሳሉ ነበርና፣ ፉከራቸው ገና ከአፋቸው ሳይደርቅ ከሴቶቹ ጋር ይጠመዳሉ። በዚህ ትረካ መላእክቱን የጣላቸው የሴቶቹ ውበት ብቻ ሳይሆን ከመውረዳቸው በፊት ይዘውት የነበረው ትምክሕት ነው፤ ትምክሕተኛን በራሱ አፍ ማስያዝ ደግሞ የኮሜዲ ጥንታዊ መሣሪያ ነው። ፍጻሜው ግን በሄኖክ እንዳለው ሁሉ ጨለማ ነው፤ የሚፀነሱት ግዙፋን እናቶቻቸውን የሚገድሉ ናቸውና።

ከጥንታዊ መጻሕፍቱ ወደ ሕዝቡ ልማድ ሲታለፍ ሳቁና ፍርሃቱ የበለጠ ተጠጋግተው ይገኛሉ። ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ (ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት) በድርሳኖቻቸው ደስክና ዲኖ የሚባሉ መናፍስትን የሚያመልኩትን በጽኑ አውግዘዋል። በብራና ጥቅልል ተጽፎ እንደ ባለቤቱ ቁመት በሚቆረጠው ክታብ ላይ ዘወትር የሚገኘው የቅዱስ ሱስንዮስ ጸሎት ደግሞ ከሰይጣን ጋር ወዳጅነት የገጠመችውን፣ ሕፃናትንም የምትገድለውን ወርዝልያን ይተርካል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ከመንፈስ ጋር የሚደረግ ፍቅር መፍትሔው አንድ ብቻ ነው፤ ጦር።

ዛር ግን ሌላ መፍትሔ አመጣ፤ እርሱም ድርድር ነው። ዛር በሰው ላይ ይሰፍራል ተብሎ የሚታመን መንፈስ ሲሆን፣ ስለ አመጣጡ በስፋት የሚነገረው ትረካ ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት ይላል። ፈጣሪ ልጆቿን ሊጎበኝ በመጣ ጊዜ ዓይን እንዳይበላቸው ፈርታ እጅግ የተዋቡትን 15ቱን ሸሸገች፤ በዚህም የተነሣ የተሸሸጉት ተሰውረው እንዲኖሩ ተፈረደባቸው። ዛሮች እንግዲህ ከሰማይ የወረዱ ባዕዳን ሳይሆኑ ለሰው ወንድምና እኅት፣ ያውም የሚያምሩት ናቸው ማለት ነው። በብርሃን የሚኖሩት ደካማ ዘመዶቻቸው የሚወልዱትን፣ የሚድሩትንና የሚበሉትን እያዩ ይናፍቃሉ፤ ሲናፍቁም ይወዳሉ። ከትጉሃን በተለየ መልኩ የዛሩ ፍቅር ከቅናትና ከዝምድና ጋር የተቀላቀለው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

ስለ ዛር ከተጻፉት ቀደምት የውጭ አገር ዘገባዎች መካከል ሚስዮናውያኑ ካርል ኢዘንበርግና ዮሐን ክራፕፍ በ1830ዎቹ መጨረሻ ሸዋ ሳሉ የመዘገቡት ይገኝበታል። በልማዱ መሠረት ዛር በውበቷ የተማረከባትን ሴት ይይዛል፤ ሴት ዛርም ወንድ ትወዳለች። የተወደደችው ሴት እንቅልፍ ታጣለች፣ ትተክዛለች፣ ልጅ አልይዝ ይላታል ወይም ባሏን ትጠላለች፤ የባለሙያው የመጀመሪያ ሥራም መንፈሱን ማስለፍለፍ፣ ማለትም በሴቲቱ አንደበት ስሙንና ወገኑን እንዲናገር ማድረግ ነው። የተያዘው ሰው ፈረስ ይባላል፤ ዛሩ ጋላቢው ነው። ቤቱን የሚመራው ባለሙያ ባለዛር ወይም ባለውቃቢ ሲባል፣ ካዳሚ የሚባሉ አገልጋዮች ቡናውን ያፈላሉ፣ ዕጣኑን ያጤሳሉ። ወዳጃ በሚባለው የሌሊት ጉባኤ በከበሮና በጭብጨባ መካከል ዛሩ ሲመጣ ፈረሱ ያጓራል፣ ጉሪ በሚባለውም ውዝዋዜ ራሱን ይንጣል፤ ከዚያም ፉከራው ይከተላል።

የዋጋው ነገር የሚገለበጠው እዚህ ላይ ነው። አዛዝኤል ለወደዳት ሴት ኩልና አምባር ሰጥቶ ነበር፤ ዛሩ ግን ሽቶውን፣ ቀለበቱን፣ ጥለቱ የተለየ ቀሚሱንና ዶሮውን ይጠይቃል፤ ዶሮውም ገብስማ ይሁን ወሰራ፣ ቀይ ይሁን ነጭ፣ እንደየዛሩ ምርጫ ነው። ጠያቂው አፍቃሪው ሲሆን ከፋዩ ደግሞ የተወደደችው ሴት ባል ነው። ሚስቱን የወደደ ባላጋራ በገዛ ሚስቱ አንደበት ቀሚስ እንዲገዛላት ሲያዝ፣ ባልየው ደግሞ እሺ ጌታዬ እያለ ዋጋ ለማስቀነስ ሲለማመጥ የሚታይበት ትዕይንት ማንኛውም የኮሜዲ ጸሐፊ ሊቀናበት የሚገባ ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሳይመን መሲንግ በ1958 ባሳተመው ጥናት የዛርን ጉባኤ የቡድን ሕክምናና የማኅበራዊ ደረጃ መሻሻያ አድርጎ ሲያየው፣ ብሪታንያዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ አይ. ኤም. ሉዊስ ደግሞ እንዲህ ያለ መንፈስ ሴቶች በሌላ መንገድ የማያገኙትን መብት የሚጠይቁበት ሽፋን ነው እስከ ማለት ደርሷል። የሉዊስ አስተያየት እውነትነት ቢኖረውም፣ ሁሉን ነገር ወደ ጥቅም ስለሚመልስ የዛር ቤቱን ጨዋታ፣ ማለትም ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ የሚቀመጡበትን ደስታ፣ ያስረሳል።

ጨዋታውን በቅርብ የተመለከተው ፈረንሳዊው ደራሲ ሚሼል ሌሪስ ነው። ማርሴል ግሪዮል በመራውና ከ1931 እስከ 1933 በቆየው ከዳካር እስከ ጅቡቲ በተደረገው የጥናት ጉዞ ውስጥ ሌሪስ በ1932 ጎንደር ከርሞ፣ መልካም አያሁ የተባሉትን አንጋፋ ባለዛርና ተከታዮቻቸውን ከአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ጋር በመሆን አጥንቷል። መልካም አያሁ አባ ዮሴፍንና ራሂሎን የመሳሰሉ በርካታ ዛሮች ነበሯቸው፤ እንደ ሁኔታው አንዱ ሄዶ ሌላው ሲመጣ ድምፃቸው፣ አቀማመጣቸውና ጠባያቸው አብሮ ይለወጥ ነበር። ሌሪስ ይህን በልብስ ማስቀመጫ እንደ ተደረደሩ ልዩ ልዩ ማንነቶች አድርጎ ገልጾታል። በ1958 ባሳተመው መጽሐፍም የጎንደርን ዛር ከቴአትር ጋር አነጻጽሮ፣ ተዋናዩ ራሱ እንደ እውነት የሚኖረው ቴአትር ነው ሲል ደምድሟል። የሚገርመው፣ የመናፍስትን ነገር ሲያጠና የነበረው ሌሪስ ራሱ የመልካም አያሁን ልጅ እማዋይሽን መውደዱ ነው፤ በ1934 ያሳተመው የጉዞ ማስታወሻው ይህን አይሸሽግም። ዛሮቹ እንደ ደንባቸው ያሻቸውን እየጠየቁ ሲያገኙ፣ ማስታወሻ ደብተር የያዘው እንግዳ ግን የሚጠይቀው አጥቶ ቀርቷል።

ከዛሮቹ መካከል ክርስቲያንም እስላምም አሉ፤ ጌታም ሎሌም አሉ። ስለዚህ በአንዲት ክርስቲያን ሴት ላይ የሰፈረ እስላም ዛር ጫትና ቡና ሲጠይቅ፣ የሥጋውም ባራኪ ማን ይሁን የሚል ሙግት ሲነሣ ይገኛል። ልማዱ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በባሪያ ንግድና በሐጅ መንገድ ወደ ሱዳን፣ ወደ ግብፅና ወደ መካ ተሻግሯል፤ በሱዳንና በግብፅ ሥርዓቱ የሚፈጸምላት ሴት የዛር ሙሽራ ትባላለች፣ እንደ ሙሽራም ትሞሸራለች። ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤልም ዛሮቻቸውን ይዘው ሄደዋል።

በአዲስ አበባ ይህ ልማድ ከሌሎች ጋር ተዋሕዷል። በምዕራብ አዲስ አበባ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን ዓለም ባንክን የመሰሉ ሰፈሮች ከልዩ ልዩ አካባቢ በመጡ ሰዎች የተመሠረቱ ናቸው። የኮልፌ አካባቢ በአጠቃላይ የጉራጌና የስልጤ ተወላጆች በብዛት የሰፈሩበት ነው። የጉራጌ ነባር እምነት ዋቅ የተባለውን የሰማይ አምላክ፣ ቦዠ የተባለውን የመብረቅ አምላክና ደሟሚት የተባለችውን ሴት አምላክ ያውቅ ነበር፤ ለእርሷ የሚለዩት ሙየት የተባሉት ልጃገረዶች ከሌላው የተለየ የራሳቸው የምሥጢር ቋንቋ እንደነበራቸው ቮልፍ ሌስላውና ዊልያም ሻክ ጽፈዋል። በሸዋ ኦሮሞ ዘንድ ያለው የአያና እምነትና የአቴቴ ሥርዓትም እንዲሁ ከከተማው የዛር ልማድ ጋር ተወራርሷል፤ በአዲስ አበባ ቤቶች ከሴት አያት ወደ ልጅ ልጅ ሲወርድ የኖረው ጨሌ፣ ማለትም ለመንፈሱ ክብር የሚጠበቀው ዶቃ፣ የዚህ ውርስ ምልክት ነው። ከእምነቱ የራቁ የከተማ ነዋሪዎች እንኳ መልኩ የጠፋበትን ሰው ውቃቢ ራቀው ይላሉ።

ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና የፕሮቴስታንት ማኅበረ ምእመናን በብዙ ነገር ቢለያዩም ዛርን በማውገዝ አይለያዩም። ጨሌ ማስጣል የስብከት የተለመደ ክፍል ሆኗል፤ በእንጦጦም ሆነ በሌሎች የጸበል ቦታዎች በተያዘችው ሴት አንደበት የሚለፈልፈው መንፈስ ብዙ ጊዜ የሚያቀርበው ምክንያት ያው የጥንቱ ነው፤ ወድጃት ነው ይላል። ዓይነ ጥላ በሚባለው እምነት ደግሞ መንፈሱ ልጅቱን ለራሱ ስለፈለጋት ትዳር ይከለክላታል ይባላል። በጸበል ቦታው ግን ድርድር የለም፤ ሽቶም ሆነ ገብስማ ዶሮ አይቀርብለትም፤ ውጣ ይባላል። እዚህ ላይ የዛር ቤቱን ጨዋታ ብቻ አይቶ ማድነቅ ትክክል አይሆንም። ዶሮውንና ሽቶውን ለማሟላት ተበድረው የደኸዩ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ሕክምና የሚያስፈልገው ሕመም በዛር ስም ሳይታከም የኖረባቸው ሴቶችም ነበሩ። በሌላ በኩል የባልዋን ዱላ በዛሯ ቁጣ ያስታገሠች ሴት፣ ከዛር ቤት በቀር የሚሰማት ጉባኤ እንዳልነበራት መዘንጋት የለበትም።

የጃፓኑ ማንጋ ይህን የዋጋ ጥያቄ ከትረካው አውጥቶታል። የፉጂሺማ አምላክት ምንም አትጠይቅም፤ ይልቁንም ቤቱን ታጸዳለች፣ ምግቡን ታበስላለች። ለወንድ አንባቢ የተጻፈ የምኞት ትረካ በመሆኑ ይህ አያስገርምም፤ ነገር ግን በጎንደር ዛር ቤት ያደገ አድማጭ እንዲህ ያለውን ወሬ ቢሰማ አምላክቷን ዝም ብላ የምታገለግል ደካማ መንፈስ አድርጎ ሳይንቃት አይቀርም። ገብስማ ዶሮ እንኳ የማይጠይቅ መንፈስ በዛር ቤት ሚዛን ከሎሌዎቹ ወገን ነውና።

በኢትዮጵያም የሥዕላዊ ትረካ ሙያ እያደገ ነው፤ በ2018 የታተመው ጀምበር የተባለው የኢታን ኮሚክስ ሥራ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ቀርቧል። ሰማያዊ ፍጥረት ሰውን ሲያፈቅር የሚያሳይ የፍቅር ኮሜዲ ለመሣል የሚነሣ ኢትዮጵያዊ ሠዓሊ ሩቅ ሳይሄድ ከክብረ ነገሥት 100ኛ ምዕራፍ ይጀምር፤ ከዚያም አያቶቹን ስለ ዛሮች ስም፣ ወገንና አመል ይጠይቅ፤ ባልየውንም ከታሪኩ አያውጣው።